አሥራ ስምንት ሳይሞላት

ሱ ፎልስ፣ አሜሪካ
ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዑሙልኸይር፣
ጭሮ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከደጅ እስከ ጓዳ ለቤቱ ሁሉ ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ያው የሥጋ ፋብሪካው ነው፤ እጄ ብርዱን ለምዶታል።

ባለፈው ሳምንት በስልክ አውርተን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ዜግነት ጠይቄያለሁ፤ ኢንሻአላህ በመስከረም ወይ በጥቅምት መሐላው ይሆናል። ለሰልዋ ጉዳይም ጠበቃ ይዣለሁ። ጠበቃዋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አንተ ዜጋ ሆነህ፣ ልጅህ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት የመኖሪያ ፈቃድ ይዛ ገብታ ካንተ ጋር መኖር ከጀመረች፣ ያለ ፈተና ያለ መሐላ እሷም ዜጋ ናት። አባትነትህ ይበቃታል።» ከቢሮዋ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ስትወለድ አልነበርኩም። እናቷ ሹክሪያ ስትሞትም አልነበርኩም። አሁን አባትነቴ ለአንድ ነገር ሊበቃት ነው።

ጥገኝነት ሲፈቀድልኝ የጀመርኩት ጉዳይ በኮሮናው ጊዜ ቆሞ ቀርቷል፤ አሁን እንደ አዲስ ነው። ሰልዋ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 አሥራ ስምንት ይሞላታል። ሁለት ዓመት ተኩል አለን ማለት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማስረጃና የሹክሪያን የሞት ማስረጃ ላኩልኝ።

ደብዳቤውንም ያዘዘችው ጠበቃዋ ናት። ዝምድናችን እንዳልተቋረጠ የሚያሳይ፣ ቀን ያለበት የእጅ ጽሑፍ ትፈልጋለች። ሁሉም ተተርጉሞ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ተርጓሚው ኦሮምኛ ስለማያውቅ በአማርኛ ይሁን። አንቺ እየተናገርሽ ሰልዋ ትጻፍልሽ።

እናቴም እህቴም አንቺ ነሽ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ወንድምሽ መስዑድ


ጭሮ
ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመስዑድ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከሰው ዓይን፣ ከመኪና አደጋ፣ ከብርድ በሽታ ይጠብቅህ። ያሰብከውን ኸይር ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ከብዷል፤ ጫቱ ግን በዝቶ ገበያው ወድቋል ይላሉ። እኔ ያው ቅመሜን ይዤ ገበያ እወጣለሁ። ይህን የምትጽፈው ሰልዋ ናት።

ወረቀቶቹን ልከናል። ለልደት ወረቀቱ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው «የት ተወለደች?» አለኝ። «መቻራ፣ ቤት ውስጥ» አልኩት። «ምስክር?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ያባቷ እህት ነሽ፣ እውነት መሆኑን ማይ» አለኝ። ማልኩለት። ሰጠን።

ወንድሜ፣ ልጅቷ እዚህ ትምህርቷ ጥሩ ነው። አሥረኛን ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ጨርሳለች። እዚያ ብርድ ነው፣ አንተም ቤት አትውልም። እዚሁ ተምራ አንተ መጥተህ ብታያትስ? እኔ አሳብ ማቅረቤ ነው። አንተ ታውቃለህ።

እህትህ ዑሙልኸይር

አባ፣ ከዚህ በታች ያለው የኔ ነው። አዳዳ፣ ማለቴ አክስቴ፣ ብርድ ነው ስትል በግድ ጻፍኩት እንጂ እኔ ብርድ አልፈራም። አማርኛ በትምህርት ቤት ብቻ ስለተማርኩ ስሕተት ካለ ተርጓሚው ይቅር ይበለኝ። የክፍል ጓደኞቼ አባትሽ ምን ይመስላል ሲሉኝ ፎቶህን አሳያቸዋለሁ። ግንባራችን አንድ ነው አሉ።
ልጅህ ሰልዋ


ሱ ፎልስ
ጥቅምት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴና ለልጄ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ደስ ያላችሁ። ባለፈው ሐሙስ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ከጎኔ አንድ የሱዳን ሽማግሌና አንዲት የኔፓል ሴት ነበሩ፤ ሁለቱም ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ተቃቀፉ። እኔ ከአዳራሹ ወጥቼ ሻይ ገዛሁ።

የኢትዮጵያ ዜግነቴ በዚያው ቀረ፤ በሀገራችን ሕግ ሁለት መያዝ አይቻልም። ዑሙልኸይር፣ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ለራሴ ቢሆን ባለኝ ፈቃድ ኖሬ እሞት ነበር። ያደረግኩት ለሷ ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀርቷል። የልደት ወረቀቱ ልጅቷ ከተወለደች ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የወጣ ስለሆነ፣ አባትና ልጅ መሆናችን በዲኤንኤ ይረጋገጥ ብለዋል። መርፌ የለውም። ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ምራቅ ይወስዳሉ፣ ከኔም እዚህ ይወስዳሉ፤ አለቀ። አዲስ አበባ ይዘሻት የምትሄጂው ኅዳር 24 ቀን ነው። አድራሻውን ለብቻ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

መስዑድ


ጭሮ
ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመስዑድ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ሰላምህን ያብዛው። ዜግነት ማግኘትህን ለጎረቤት ነግሬ ሰደቃ አውጥቻለሁ። መልስ በመዘግየቴ አትቀየመኝ። ኅዳር ላይ መንገዱ ጥሩ አይደለም አሉ። ከዚያ ወገቤ አመመኝ። ከዚያ የሰልዋ ፈተና ደረሰ። አሁን ደግሞ ረመዷን እየመጣ ነው። ከዒድ በኋላ እንሄዳለን ኢንሻአላህ። ሥጋህን ለማወቅ ጥጥ ያስፈልጋል ወይ? ሰዎቹ የኔን ቃል አያምኑም?

ዑሙልኸይር

አባ፣ ይህን አዳዳ ሳታውቅ ነው የምጨምረው፤ ማንበብ ስለማትችል። ኅዳር 23 አውቶቡስ ተሳፍረን ነበር። ሚኤሶን አልፈን አሰቦት ስንደርስ አዳዳ ተነሥታ «ሾፌር፣ አውርደን» አለች። «እዚህ ምን አለሽ?» አላት። «አሞኛል» አለች። ወርደን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ሰዎች ውሃ ሰጡን። «አዳዳ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብላት ፊቴን ታየኛለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ጭሮ በሚመለስ መኪና ተመለስን። ለአባትሽ መንገዱ መጥፎ ነበር በይው አለችኝ። መንገዱ መጥፎ አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ አሥራ ስድስት ሞላኝ። አባ፣ ከሷ ጋር አትጣላ፤ ግን ምክንያቱን ጠይቅልኝ።
ሰልዋ


ሱ ፎልስ
ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዑሙልኸይር

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰልዋ ይህን ስታነብልሽ አንድም ቃል አትዝለል።

ዒድ አለፈ። ሁለተኛው ቀጠሮም አለፈ። ስደውል ገበያ ነሽ፣ ቤት ስትሆኚ ሶላት ላይ ነሽ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጄ ያልሽኝን ሁሉ አምኜ ኖርኩ። አሁን ግን ልቤ ክፉ ክፉ ያስባል። ልጅቷን ላንቺ ጧሪ እንድትሆን ልታስቀሪያት ነው? ወይስ ለሆነ ነጋዴ ቃል ገብተሽባታል? አሳድገሻታል፣ ውለታሽን አልክድም። ልጅነቷ ግን የኔ ነው።

ቀኑ እያለቀ ነው። ልጄን ብትከለክዪኝ በዚህም በአኺራም ይቅር አልልሽም።

መስዑድ


ሂርና
ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመስዑድ

ቢስሚላሂ። አሰላሙ ዐለይኩም።

የእጅ ጽሑፉ የሰልዋ እንዳልሆነ ታያለህ። የሚጽፉልኝ ሂርና ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ጭሮ ሰው ያውቀኛል ብዬ እዚህ ድረስ መጣሁ። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉ ብያቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለጠበቃዋ አትስጣት። ተቀምጠህ አንብበው።

ሰልዋን ለማንም አልዳርኳትም። ለራሴም አላስቀረኋትም። አዲስ አበባ ያልሄድኩት ጥጡ የሚናገረውን ስለማውቅ ነው። ያንተ ልጅ አይደለችም ይላል። እውነቱንም ነው።

ስለ ሹክሪያ ክፉ እንዳታስብ። ሹክሪያ ንጹሕ ናት። እስክጨርስ ታገሠኝ።

ያንተ ልጅ፣ ሴት ከሆነች ሰልዋ በሏት ያልካት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን መቻራ ተወለደች። መወለዷን ከሞያሌ ደውለህ ሰምተሃል። ከዚያ ድምፅህ ጠፋ። በዚያ ዓመት ቡና ለመልቀም ከመሰላ የመጣች መይሙና የምትባል ልጅ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ነበር። ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏን አልጠየቅናትም፣ እሷም አልነገረችንም። ታኅሣሥ 27 ሴት ልጅ ወለደች። ደሙ አልቆም አለ። የመቻራን መንገድ ታውቀዋለህ፤ መኪና እስኪገኝ ሞተች። ከወገኖቿ የመጣ አልነበረም። ሹክሪያ ሕፃኗን አነሣችና ጡቷን ሰጠቻት። አንዱን ለሰልዋ፣ አንዱን ለሷ። ሳብሪና አልናት።

ከዚያ ያንተዋን ትኩሳት ያዛት። ሁለት ቀን ታመመች። ጥር 4 ቀን ረፋድ ላይ እቅፌ ውስጥ አረፈች። በሃያ ስድስት ቀኗ። ሹክሪያ ሳብሪናን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ሊወስዱባት የመጡ ይመስል ለማንም አልሰጥም አለች።

መጋቢት ላይ ከናይሮቢ ደወልክ። እዚያ እስር ላይ ነበርክ። ድምፅህ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። «ሰልዋ እንዴት ናት?» አልክ። ሹክሪያ ስልኩን ይዛ አቀረቀረች። ያን ጊዜ እቅፏ ውስጥ ያለችው አለቀሰች። «እሷ ናት? የሷ ድምፅ ነው?» አልክ። አንተም ማልቀስ ጀመርክ። «እስር ቤት ያልሞትኩት እሷን ላይ ብዬ ነው» አልክ። ሹክሪያ ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኔ እሺ አልኳት። «አዎ፣ እሷ ናት» አለችህ።

በዚያ ቀን ሳብሪና ሰልዋ ሆነች። እስኪፈታ አልን። ተፈታህ። ካሰበበት እስኪደርስ አልን። ከዚያ እኛም ጭሮ ገባን፤ እዚያ የሚያውቀን ሰው አልነበረም። ስድስተኛ ዓመቷ ላይ ሹክሪያ ታመመች። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት «ንገሪው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አልነገርኩህም።

ሰልዋ አታውቅም። ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እሷ፣ የምታነብልኝ እሷ። በምን ልንገርህ? የአባቷን ዘር የማላውቃትን ልጅ በስምህ ማስጠራቴ ሐራም መሆኑን አውቃለሁ። ቀበሌ የማልኩት መሐላም ይበላኛል። ግን የሹክሪያን ጡት ጠብታለች፤ በሸሪዓ የጡት ልጅህ ናት። ይህን ያህል ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። መልስህን በእኚህ ሽማግሌ ፖስታ ሣጥን ላከው፤ ያነቡልኛል። በየወሩ እየመጣሁ እጠይቃለሁ።

ዑሙልኸይር


ሱ ፎልስ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዑሙልኸይር፣
በሂርና ፖስታ

አሰላሙ ዐለይኩም።

አምስት ወር ዝም አልኩ። ሂርና ስንት ጊዜ ተመላልሰሽ ባዶ እጅሽን እንደተመለስሽ አስቤዋለሁ። እያሰብኩም አልጻፍኩም።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን መስጊድ ሄጄ ልጄ ሞተች አልኩ። ወንዶቹ ቤቴ መጡ፣ ቁርኣን ቀሩ፣ ምግብ አመጡ። አንዱ «መቼ ነው ያረፈችው?» አለኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ልለው ነበር። «በቅርቡ» አልኩት። ለኔ በቅርቡ ነው።

ከዚያ ወደ ጠበቃዋ ሄድኩ። አልዋሽሽም፤ ምርመራው ባይኖር ዝም ብዬ አመጣት ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። «የጡት ልጄ ናት» አልኳት። ደግመህ ንገረኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ወረቀቷ ላይ ጻፈችውና ብዕሯን አስቀመጠች። «ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም» አለችኝ። ማመልከቻው ይሰረዝ ብለን ጻፍን።

ወጥቼ ከመሄዴ በፊት ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለች። አሥራ ሰባት ልትይዝ ነው አልኳት። «አሥራ ስድስት ሳይሞላት በሕግ ልጅህ አድርገሃት ቢሆን፣ ከዚያም አብራችሁ የምትኖሩበት ሁኔታ ቢገኝ፣ ቀላል ነበር አልልህም፤ መንገድ ግን ነበረ» አለችኝ።

ዑሙልኸይር፣ ስለ ጥጡ የጻፍኩልሽ ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ይህን የምጽፈው ልበቀልሽ ብዬ አይደለም። ብቻዬን ልሸከመው ስላልቻልኩ ነው። ልጄን ቀብረሽ፣ የሰው ልጅ አሳድገሽ፣ የኔን ዕንባ ፈርተሽ አሥራ ስድስት ዓመት የዘጋሽው አፍ ነው፤ ይገባኛል። ይቅርታው ግን ገና አልመጣልኝም። ሲመጣ እነግርሻለሁ።

እኔ ስደውል ሰልዋ «ጉዳዩ ምን ደረሰ?» ትለኛለች። «እየታየ ነው» እላታለሁ። አሁን እኔም እየዋሸሁ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን እስክትጨርስ ጠብቂ። ከዚያ ንገሪያት። ከኔ በስልክ እንድትሰማው አልፈልግም። አንቺ፣ በአፍሽ፣ በቀን፣ ፊት ለፊት ንገሪያት።

መስዑድ


ጭሮ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። «ለአቶ መስዑድ» ብዬ ልጀምር ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። እጄ ስለለመደ አባ አልኩህ። ካልወደድከው ንገረኝ።

በዚህ ደብዳቤ ማንም እየነገረኝ አይደለም የምጽፈው። ደውለህ ያላነሣሁትም ተቆጥቼ አይደለም። ስልክ ላይ ዝም ማለት ይከብዳል፣ ወረቀት ላይ ግን ዝም ብዬ ቆይቼ እንደገና መጻፍ እችላለሁ።

አዳዳ የነገረችኝ ፈተና በጨረስኩ በሳምንቱ ነው። ቅመም እየለቀምን ነበር። እጇን ሳታነሣ በኦሮምኛ ነገረችኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔም እጄን አላነሣሁም። ስትጨርስ «ተናገሪኝ» አለችኝ። «መቃብሯ የት ነው?» አልኳት።

መቻራ ሄድን። ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው፤ ትንሿ ከወለደችኝ እናቴ ከመይሙና ጎን ነች። ድንጋይ እንጂ ስም የለም። አዳዳ ቦታውን ሳትጠይቅ ሄዳ አገኘችው። በየዓመቱ ጥር ላይ ዘመድ ልጠይቅ ብላ የምትሄደው እዚያ ነበር ለካ። እኔ ቆሜ ለማን እንደማለቅስ አላወቅኩም። ልጅህን የበላኋት መሰለኝ። ወተቷን፣ ስሟን፣ አባቷን። አዳዳ ይህን ስነግራት «እሷ ሞታ ነው አንቺ የያዝሽው፣ አንቺ ይዘሽው አይደለም እሷ የሞተችው» አለችኝ። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

መሰላም ሄጄ ነበር፣ ብቻዬን። የመይሙናን ወንድም አገኘሁት። ደጁ ላይ ቆሞ «ምን ፈልገሽ ነው? መሬት ነው?» አለኝ። «አይደለም፣ ላይህ ነው» አልኩት። ወተት ሰጠኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ አየኝና «አረማመድሽ የሷ ነው» አለ። ስለ አባቴ ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለኝ። ተመልሼ እንድመጣ አልጠየቀኝም።

አንድ ጊዜ ብቻዬን ሆኜ «ሳብሪና» ብዬ ራሴን ጠራሁ። ማንም የመለሰ የለም፣ እኔም ጭምር።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አሥራ ስምንት ስለሚሞላኝ የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ነው። ቅጹ የአባት ስም ይላል። ሸኻችንን ጠየቅኩ። «ሰው ባልወለደው ሰው አይጠራም፤ ግን ወረቀትሽ ሁሉ በዚህ ስም ወጥቷል፣ ሰውየውን ጠይቂው» አሉኝ። የፈተና ውጤቴም ሰልዋ መስዑድ ይላል፤ ጤና ኮሌጅ ለመግባት በቅቶኛል። ስምህን አውጪው ካልከኝ አወጣለሁ፤ አልቀየምም። እስክትጽፍልኝ ግን መታወቂያውን አላወጣም።

አዳዳ በጣም ከስታለች። ደብዳቤ እንድጽፍላት አልጠየቀችኝም፤ ሰላም በይልኝም አላለችኝም። ፈርታ ነው።

አሜሪካ ስላልመጣሁ አትዘን። እኔ ያዘንኩት በሌላ ነው።

ሰልዋ


ሱ ፎልስ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰልዋ

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ።

ይህን ቀን ሁለት ዓመት ተኩል በጣቴ ስቆጥረው ነበር። ለጉዳዩ የመጨረሻ ቀን ብዬ ነበር የያዝኩት። ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ቤት ዋልኩ። በወረቀቱ ዛሬ አሥራ ስምንት ሞልቶሻል። እውነቱ ግን ዛሬ አሥራ ስምንት የሚሞላት እዚያ መቻራ ያለችው ናት። ለሷ ሰደቃ አወጣሁ፤ ስሟን ጠርቼ ዱዓ አደረግኩ። ቀኑን ሰጠኋት። ለካ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልሰጠኋትም ነበር።

ስለ ስሙ። እዚህ ያሉትንም ሸኽ ጠየቅኩ፤ ያንቺው ሸኽ ያሉሽን ነው ያሉኝ። በዲን ያልወለድኩሽ መሆኑን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ከእንግዲህ ማንንም አንዋሽም። ለሚጠይቅሽ ሁሉ የመይሙና ልጅ ነኝ በይ፣ አትፈሪ። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ግን እኔ ከሰጠሁ በኋላ አልወስድም። የትም ሊያደርስሽ ያልቻለ ስም ነው። ለኮሌጁ በር ከበቃሽ ያዢው።

ፓስፖርቴ አሁን የሌላ ሀገር ነው። የተወለድኩበት ሀገር ልገባ እንደ እንግዳ ቪዛ እጠይቃለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት እያሰብኩ ነው፤ ቃል አልገባልሽም፤ በዚህ ቤት ቃል ብዙ ጎድቶናል። ስመጣ መጀመሪያ የማየው መቃብሩን ነው። ከዚያ አንቺን።

ለአዳዳሽ ይህን አንብቢላት፦ ይቅርታው እየመጣ ነው፤ አዝግሟል እንጂ መንገድ ላይ ነው። እህል ትብላ።

አንቺ አሥራ ስምንት የሚሞላሽ በዚህ ወር ሃያ ሰባት ነው። ያን ቀን እደውላለሁ። ሰልዋ፣ ስልኩን አንሺው።

አባትሽ መስዑድ